የሚያውቁት ሦስት ሰዎች

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሦስት ወር ዝናብ ያላየው የዱብሉቅ ሰማይ ከወዲሁ ነጥቶ፣ ከሞያሌ በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ቀዩን አቧራ በአስፋልቱ ላይ ያንከባልል ነበር።

ባስልዮስ ኃይሌ ከጭነት መኪናው ላይ ወርዶ ቦርሳውን ተቀበለ። ቦርሳው ቀላል ነው፦ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ጋቢ፣ ጥቂት መፍቻዎች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የዘይት ጠርሙስ። ባስልዮስ የስፌት መኪና ይጠግናል። ከወደራ እስከ ሞያሌ በየበረንዳው የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ እጁን ያውቁታል። ምሳና የአንድ ሌሊት አልጋ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም፤ መኪናው መስፋት ሲጀምር እሱ ይነሣል። ከተወለደባት ከነጌሌ የወጣው በ1989 ዓ.ም. ነው። አሁን 1998 ሆኗል። በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ በአንድ አልጋ ላይ ከአሥር ሌሊት በላይ ተኝቶ አያውቅም።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ በዛብሽ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ በዛብሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደግሞ መጣህ? ሦስት ቁጥር ባዶ ናት። አልጋዋ ግን እንዳንተው ናት፤ አንድ እግሯ አይረጋም።»

ሳቀ። መዝገቡን ከመስኮቱ ላይ አንሥቶ እንደ ልማዱ ጻፈ። ስም፦ ባስልዮስ ኃይሌ። ከየት፦ ሞያሌ። ወዴት፦ ነጌሌ።

ወይዘሮ በዛብሽ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «አንተ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ነጌሌ ስትሄድ ኖርክ። በዳዴ ብትሄድ እንኳ እስካሁን ትደርስ ነበር።»

«ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው እንጂ።» ብዕሩን አስቀመጠ። «ማታ ሚሊሻው መዝገቡን ያያል አይደል? አንድ ጊዜ አንድ ከተማ ላይ ‘ወዴት ትሄዳለህ?’ ሲሉኝ ‘ገና አላወቅሁም’ ብዬ ሁለት ቀን ታሰርኩ። መሄጃ የሌለው ሰው ያስፈራል መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ የትውልድ ከተማዬን እጽፋለሁ። ይኸው ነው።»

የወይዘሮዋ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ይኸው ነው? እኔ እኮ ለልጅቷ እውነት ነው ብያታለሁ!»

«ለየትኛዋ ልጅ?»

«ተገናኝታችሁ የተለያያችሁ መስሎኝ ነበር። የሰው ቁስል አልነካም ብዬ ዝም አልኩ።» ምስሩን ወደ ጎን ገፉት። «የዛሬ አራት ዓመት ነው፤ የበልጉ ዝናብ ያበቃ ሰሞን። ከአክስቷ ጋር ከሞያሌ ጨርቅ ጭና የምትመለስ ልጅ ነበረች። ስሟን ልትጽፍ ጎንበስ ስትል ያንተን ስም አየች። ጣቷን እላዩ ላይ አድርጋ ቀረች። ‘ይህ ሰው መቼ ሄደ?’ አለችኝ። ትናንት ጠዋት አልኳት። ‘በእውነት ወደ ነጌሌ?’ አለችኝ። ተጽፎ የለም እንዴ፣ ልጄ፣ አልኳት።»

ባስልዮስ የበሩን መቃን ያዘ።

«ወረቀት ለመነችኝ። ጻፈች፣ ጻፈችና ቀደደችው። ‘ከደብዳቤው እሱ ራሱ ይቀድማል’ አለች። እዚህ ልታድር ነበር አመጣጧ፤ አክስቷን አስነሥታ በተገኘው መኪና ሄደች። ፊቷን ብታየው! ሰርግ የተጠራች ነበር የምትመስለው።»

ቀኑን አስታወሰ። ያን ሳምንት ሜጋ ነበር፤ ከዱብሉቅ ወደ ደቡብ። አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የስፌት መኪና ቀበቶ ሲያጠብቅ ውሏል። ከሞያሌ የሚመጣ ሁሉ በሜጋ መሐል ያልፋል። ጨርቅ የጫነው መኪናዋም አልፎ ይሆናል፤ አቧራውንም አራግፎ ሥራውን ቀጥሎ ይሆናል። ማንም አይጠብቀኝም የሚለው ሐሳብ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሸክሙን ሲያቀልለት ኖሮ ነበር። አሁን ያ ቅለት ራሱ ከበደው፤ ቦርሳውን መልሶ አነሣ።

*

ጎሊቻ የቦረና ሰው ነው፤ አይሱዙ ይነዳል። ባስልዮስን ለዘጠኝ ዓመት ከስኳርና ከሩዝ ጆንያ ጋር ሲጭነው ኖሯል። ዋጋ ጠይቆት አያውቅም፤ ወሬ ብቻ ይጠይቀዋል። በዚያው ጠዋት ዱብሉቅ ላይ አገኘው።

«አካም ቡልቴ፣ ባሲ? ዛሬ ወዴት ነው?»

«ናጋ፣ ሰላም ነው። ነጌሌ።»

«ነጌሌ ነጌሌ? ወይስ የመዝገቡ ነጌሌ?»

ይህን ቀልድ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁት ኖሯል። እሱ ብቻ ቀልድነቱን አያውቅም ነበር።

በዋጪሌ መንገድ ሄዱ። የግራሩ ጥላ አጭር ነበር፤ ግመሎች ጥላ ሳይፈልጉ ቆመዋል። ባስልዮስ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቃቸውን ነገሮች አሰበ። በየትኛው አልጋ ቤት በሩን ለመዝጋት ከፍ አድርጎ መግፋት እንደሚያስፈልግ ያውቃል። በጭነት መኪና ላይ በጆንያዎቹ መሐል የተኛ ሰው ነፋስ እንደማያገኘው ያውቃል። ምግብ የት እንደሚበረክት ለማወቅ ሾፌሮች የሚቆሙበትን ማየት ይበቃል። ሸሚዝን ማታ አጥቦ ጠዋት ርጥቡን መልበስ በቆላ አገር ጸጋ ነው። ይህን ሁሉ ለማንም አውርሶ አያውቅም፤ የሚያወርሰውም የለም።

አርብቶ አደሮቹ ዘንድ ሲያድር ስሙን ሳይጠይቁ ወተት ይሰጡታል። ከጠጣ በኋላ ወሬ ይጠይቁታል። ዝናቡስ? ገበያውስ? የመንገዱ ሰላምስ? ሁሉንም አንድ በአንድ ይመልሳል፤ በመንገደኛ ላይ ያለ ግዴታ ነው። ስለ ራሱ ግን የሚያወራው ወሬ ኖሮት አያውቅም። እንግዳን ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ነገ ይሄዳልና።

ጎሊቻ ማርሽ ቀየረ። «እስቲ ንገረኝ። ማን ናት?»

«ቀድሪያ ትባላለች። የዓብዱልባሲጥ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ።»

«ያ አላህ! እስላም ናት፤ አንተ ባለ ማተብ ክርስቲያን!»

«ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በረንዳቸው ላይ ያሉትን ስፌት መኪናዎች ልጠግን ገብቼ ሁለት ወር ቆየሁ።»

«ሁለት ወር? ምን መኪና ነው ሁለት ወር የሚጠገን?»

«አንዱን በጠገንኩ ቁጥር ሌላው ይበላሻል። በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ማታ ማታ ክሩን ከውስጥ የምታጠላልፈው እሷ ነበረች።»

ጎሊቻ መሪውን እየመታ ሳቀ። ባስልዮስ ግን መስታወቱን አስታወሰ። ደንበኞች ሻሽ ሲለኩ የሚያዩበት አንድ ረጅም መስታወት ሱቁ ውስጥ ነበር። እሷ ከጠረጴዛው ኋላ፣ እሱ ከበረንዳው ሆነው በመስታወቱ ይተያዩ ነበር። ፊት ለፊት መተያየት ያስነውራል፤ በመስታወት መተያየትን ግን የከለከለ ሰው አልነበረም።

አንድ ረቡዕ «ዓርብ አባቴ ሽማግሌ ይልካል» አላት። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በወደራ መኪና ከከተማው ወጣ። ለአባቱ አልነገራቸውም፤ ለማንም አልተናገረም። የፈራው ዓብዱልባሲጥ ‘እምቢ’ ሲሉ መስማትን ነበር። እንግዳ የሆነ ሰው አይባረርም፤ ራሱ ይሄዳል። ከወር በኋላ ከሞያሌ በሾፌር እጅ ሦስት መስመር ጻፈላት። «አትጠብቂኝ። አድራሻ የለኝም። ከዚህ ስወጣ ወዴት እንደምሄድም አላውቅም።» በሦስተኛው ዓመት አባቱ መምህር ኃይሌ ሞቱ። መርዶው ፊልቱ ላይ የደረሰው አርባቸው ካለፈ በኋላ ነበር።

«ታዲያ ምን ልትላት ነው?»

«‘አትጠብቂኝ ብዬ ጽፌ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ አንቺ ስመጣ ነበር’ እላታለሁ። መዝገቡ ምስክሬ ነው።»

«መዝገብ ይመሰክርልሃል» አለ ጎሊቻ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። «መስቀለኛ ጥያቄ የመጣ እንደሆነስ?»

መልካ ጉባ ላይ የዳዋን ድልድይ ተሻገሩ። ወንዙ ቀጥኖ ከአሸዋው ጋር አንድ መልክ ይዞ ነበር። ባስልዮስ የሚናገረውን በልቡ ደጋገመው። በደጋገመው ቁጥር እውነት እየመሰለው ሄደ፤ እውነት በመሰለው ቁጥርም ፍርሃቱ ጨመረ።

*

ነጌሌ የደረሱት በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የዓብዱልባሲጥ ሱቅ በዚያው ቦታ አለ። በረንዳው ላይ ሁለት ሰፊዎች ጎንበስ ብለው ይሰፋሉ። ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ሴት ለደንበኛ አቡጀዲ ትለካለች።

መስታወቱም አለ። በመስታወቱ አየችው። እጇ አልቆመም፤ አራት ሜትሩን ለክታ፣ ቀድዳ፣ አጥፋ ለደንበኛዋ ሰጠች። ደንበኛዋ ከወጣች በኋላም አልዞረችም።

«ናጋ፣ ባስልዮስ?» አለች፤ ለመስታወቱ።

«ናጋ፣ ቀድሪያ።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዓይኗ ሥር ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ወጥተዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እሱ ያላያቸው እነዚህ ሁለት መስመሮች ናቸው፤ ሌላው ሁሉ በልቡ ነበረ።

«ዱብሉቅ ላይ የጻፍኩትን አይተሽው ኖሯል» አለ። «አሁን ነው የሰማሁት። እውነት ነው፣ ቀድሪያ። ያኔ ወደ አንቺ ስመጣ ነበር። መንገድ ያዘኝ።»

«ምን ዓይነት መንገድ?»

«ያው... መኪና ጠፋ። ቀጥሎም ታመምኩ።»

አሁን ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ከዚያ በኋላ ከአክስቴ ጋር እንደገና ሞያሌ ሄድኩ» አለች። «ዱብሉቅ ላይ ከመኪና አልወረድኩም፤ ወይዘሮዋን ማየት አፍሬ። ሜጋ ላይ ግን ስፌት መኪና ጠጋኙ የት እንደሚያድር ጠየቅሁ። መዝገቡን አስገለጥኩ። ከዱብሉቅ በወጣህበት ቀን ማታ እዚያ ጽፈሃል፦ ወደ ነጌሌ። ሞያሌም አስገለጥኩ፦ ወደ ነጌሌ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ባስልዮስ። ሜጋ ከዱብሉቅ በየት በኩል እንደሆነ አውቃለሁ።»

የአንዱ ሰፊ መኪና ቆመ፤ እንደገና ቀጠለ።

«ዋሽቻለሁ» አለ ባስልዮስ።

«መቼ? ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ሁለቱንም ጊዜ። ባዶ ቦታ ነበረ፤ መሙላት ነበረብኝ። እንዳልታሰር ብዬ ነው የጻፍኩት። ሰው ያነበዋል ብዬ አላሰብኩም።»

«ለምን ሌላ ከተማ አልጻፍክም? ወደራ የለም? ፊልቱ የለም? ዶሎ የለም?»

ይህን ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

«ሌላ ከተማ እጄ ላይ መጥቶልኝ አያውቅም» አለ።

ቀድሪያ ዓይኗን ሰበር አደረገች። ሜትሩን አነሣች፤ አስቀመጠችው።

«ይህን አስቀድመህ ብትለኝ ምን ነበረበት?» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ስማኝ። እኔን ብቻ ጎድተህ ቢሆን ኖሮ መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ እኖር ነበር። ያን ጊዜ ከዱብሉቅ ስመለስ ለአባባ ነገርኳቸው። ‘ይመጣል፣ መንገድ ላይ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ’ አልኳቸው። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ‘ሽማግሌ ይላክ፣ እሰማለሁ’ አሉ። ‘የሃይማኖቱን ነገር ከሽማግሌዎቹ ጋር እንነጋገራለን፤ አስቀድሞ ይምጡ’ አሉ። ባስልዮስ፣ የኔ አባት ናቸው እንዲህ ያሉት!»

«ቀድሪያ...»

«ዝም በል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሳሎኑ የጨርቅ መጋዘን ሆኖ ነበር። ጥቅሉን ሁሉ ብቻቸውን ተሸክመው አወጡት። ሦስት ወንበር አሰለፉ። ሦስት ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ተቀመጡ። አባባ በሕመም እንኳ ሱቅ ዘግተው አያውቁም። እነዚህ ሰፊዎች አይተዋል፤ ገበያው ሁሉ አይቷል። በሦስተኛው ዓርብ ማታ ጥቅሉን እንደገና ተሸክመው መለሱት። ስለ ነገሩ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እስከ ዛሬ አልተናገሩኝም።»

ባስልዮስ ዘጠኝ ዓመት የሸሸው በር አንድ ጊዜ ተከፍቶ እንደነበር አሁን ገባው። በተከፈተበት ሰሞን እሱ ሜጋ ላይ ቀበቶ ያጠብቅ ነበር።

«እሳቸው የት ናቸው? ልሂድና እግራቸው ላይ ልውደቅ።»

«አትሂድ። ይቅርታህ ምን ያደርግላቸዋል? ሽማግሌ ነው የጠበቁት፤ ሽማግሌ ላክ።» እጆቿን አጣጥፋ ቆመች። «ዓብዱሰመድ የሚባል የፊልቱ ነጋዴ ሰው ልኮብኛል። ደግ ሰው ነው ይባላል። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እሰጣለሁ ብያለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ዓርብ አለ። ሦስት ሰው ላክ። እናውቀዋለን የሚሉ ይሁኑ። አባባ ሦስት ነገር ይጠይቋቸዋል፤ ማንንም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ የማን ልጅ ነው? የት ይኖራል? ሲያጠፋ ለማን እንናገራለን?»

«እልካለሁ።»

«ቃል አትስጠኝ» አለች ቀድሪያ። «ቃል ሰጥተኸኝ ታውቃለህ።»

ከሱቁ ሲወጣ በረንዳው ላይ ያሉት ሰፊዎች ቀና አላሉም። የማን ልጅ ነው ለሚለው መልስ አለው። ለቀሩት ሁለቱ በልቡ መልስ ሲፈልግ አንድም ፊት አልመጣለትም፤ የመጡለት አልጋዎች ነበሩ።

*

መምህር አሸቱ ከአባቱ ጋር ሠላሳ ዓመት አብረው አስተምረዋል። ጡረታ ወጥተው በግቢያቸው ፓፓያ ያጠጣሉ። ባስልዮስን አጥር ላይ ሲያዩት የውኃውን ጣሳ እንደያዙ ወደ አጥሩ መጡ።

«የኃይሌ ልጅ» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።» ጉልበታቸውን ሳመ። የመጣበትንም ሳይሸሽግ ነገራቸው።

እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«አባትህን አስቀብሬያለሁ። ለቅሶውንም ባንተ ቦታ ተቀምጫለሁ። ሰው ሁሉ ‘ልጁስ?’ ይለኛል፤ ‘መንገድ ላይ ነው’ እላለሁ። ሠልስቱም አለፈ፣ አርባውም አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። መንገድ ላይ ነው፣ መንገድ ላይ ነው። በኋላ ጠያቂውም ተወኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። ነገሩ ሌላ ነው። ሽማግሌ ሰው ቤት ሲገባ የሚናገረው አንድ ቃል ‘አውቀዋለሁ’ የሚለውን ነው። ያን ቃል ዋስ አድርጎ ልጅ ይለምናል። ያ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ቢልከኝ ኖሮ ማልጄ እሄድ ነበር። አንተን ግን፣ ልጄ፣ አላውቅህም።»

ባስልዮስ ወደ አጥሩ በር ዞረ።

«አትቀየመኝ» አሉ አዛውንቱ መምህር፤ ክንዱን ይዘው ወደ በሩ እየሳቡት። «ግባ፣ እራት እንብላ። እንግዳ ከደጅ አይመለስም።»

በላ። ወጡ ጥሩ ነበር። በየከተማው፣ በየበረንዳው፣ በየእሳቱ ዳር ‘እንግዳ’ በሚለው ስም ሲጠሩት በልቶ ያድር ነበር። በተወለደበት ሰፈር፣ አባቱን በሚያውቁ ሰው ገበታ ላይ ሲጠሩበት ግን የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠው።

*

ሐሙስ ዕለት፣ የሆነውን ሁሉ ከባስልዮስ የሰማው ጎሊቻ መፍትሔ ይዞ መጣ።

«ሁለት ሾፌር አለኝ። ንጹሕ ጋቢ አልብሳቸዋለሁ። አንዱ ጢሙ ነጭ ነው፤ ሲያዩት ቃዲ ይመስላል። ‘ከሕፃንነቱ ጀምረን እናውቀዋለን’ ይላሉ። ማን ይጠይቃል?»

ለባስልዮስም ቀላል ነበር። ከተማው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ሰው ሲያንስ ሰው ይዋሳል። የሚቀጥለው ሳምንት እየመጣ ነው፤ የፊልቱም ሰው ደግ ነው ይባላል።

«አይሆንም» አለ። «አንተስ ታውቀኛለህ?»

«እኔ?» ጎሊቻ ተገረመ። «አውቅሃለሁ እንጂ! ስትተኛ ታንኮራፋለህ። ስትራብ ትዘፍናለህ። ዳዋ ሞልቶ ሦስት ቀን የታገድን ጊዜ ውኃህን ለረዳቴ ሰጥተህ አንተ ጠጥቻለሁ ብለሃል። ያባትህን ስም ግን ዛሬ ነው የሰማሁት።»

«እንግዲያስ ብቻህን ሂድ። የምታውቀውን ንገራቸው። የማታውቀውን አላውቅም በል።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጎሊቻ የተዋሰውን ኮት ለብሶ ሄደ። ባስልዮስ መናኸሪያው አጠገብ ባለች የአልጋ ክፍል ተቀምጦ ጠበቀ። የሚያስጠይቅ ሰው ራሱ አይሄድም፤ ልማዱ ነው። የመኪና ጥሩምባ ይሰማ ነበር፤ ረዳቶች የከተሞችን ስም ይጠሩ ነበር። ወደራ! ፊልቱ! ያቤሎ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጥሪ ሲሰማ እግሩ ቀድሞት ይነሣ ነበር። አሁንም ጉልበቱ ሲንቀሳቀስ ተሰማው። በሁለት እጁ ያዘው።

ጎሊቻ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። ኮቱን አውልቆ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«ሦስት ወንበር ነበር» አለ። «መሐለኛው ላይ ተቀመጥኩ፤ ዳር መቀመጥ አስፈራኝ። አባቷ ሁለቱን ባዶ ወንበር አዩ። ‘ሌሎቹስ?’ አሉኝ። ‘የሉም’ አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«‘የማን ልጅ ነው?’ አሉኝ፤ መለስኩ። መምህር ኃይሌን ያውቋቸዋል። ‘የት ይኖራል?’ አሉኝ። ‘መኪናዬ ላይ’ አልኩ። ምን ልበል? ‘ሲያጠፋ ለማን እንናገራለን?’ አሉኝ። ዝም አልኩ። አንተው ነህ የማታውቀውን አላውቅም በል ያልከኝ።»

ባስልዮስ ዓይኑን ጨፈነ።

«‘ለምን ብቻህን መጣህ?’ አሉኝ። ‘ሁለት ሰው ጋቢ አልብሼ ላመጣለት ነበር፤ እምቢ አለኝ’ አልኳቸው። ያኔ ነው ጀርባቸውን ቀና ያደረጉት። ከዚያ ተናገሩ፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ‘ሦስት ዓርብ ሰው ጠብቄ ማንም አልመጣም። ዛሬ አንድ መጥቷል። ሁለቱን እዚሁ ተቀምጦ ይፍጠራቸው። አንድ ዓመት እሰጠዋለሁ። ከዚህ ገበያ፣ ከዚህ ሰፈር ሁለት ሰው እናውቀዋለን ብሎ ሲመጣ፣ የሃይማኖቱን ነገር ያን ጊዜ አፍ ለአፍ እንነጋገራለን። አንድ ቀን ከከተማው ወጥቶ ቢያድር ግን እኔም አላውቀውም።’ እንዲህ አሉ።»

«ቀድሪያስ?»

ጎሊቻ ጢሙን አሻሸ። «ሻይ አመጣች። ሦስት ብርጭቆ ነው የቀዳችው። አንዱን ሰጠችኝ። ሁለቱን እንደሞሉ ይዛ ተመለሰች።»

«ምንም አላለችም?»

«ጫማዬን ሳደርግ ደጁ ላይ አገኘችኝ። ‘ለፊልቱ ሰዎች እምቢታዬን ልኬያለሁ በለው። ለእሱ ብዬ አይደለም በለው። እጠብቀዋለሁም አላልኩም። ሱቅ ውስጥ ነኝ’ አለችኝ።»

ከውጭ የመጨረሻው የወደራ መኪና ተጠራ፤ ሞላ፤ ሄደ። ጎሊቻ ተነሥቶ ኮቱን በክንዱ ያዘ።

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሞያሌ እነሣለሁ። ባሲ፣ እኔ አልፈርድብህም። ዓመት ረጅም ነው፤ ላንዳንድ ሰው ከመንገድ ይረዝማል። ቦታህን ልያዝልህ?»

ባስልዮስ ስለ አንድ ዓመት አሰበ። በአንድ መስኮት የሚታይ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ማለዳ ነው። ሰላምታ በነፈጉት ሰፊዎች በረንዳ በየቀኑ ማለፍ ነው። መምህር አሸቱ ግቢ ሄዶ ፓፓያ ማጠጣት፣ የሞተ ሰው ልጅ መሆንን ዘግይቶ መማር ነው። ማታ ማንም የማያንኳኳው በር ነው። ከሃምሳ እርምጃ ወዲያ እሷ ጨርቅ ስትለካ እያወቁ አለመሄድ ነው። በመጨረሻም ሁለት ሰው ባይገኝስ? ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየው፤ መንገድ ላይ በነበረበት ዘመን ሁሉ ያልተሰማው ብቸኝነት ገና ሳይጀምር ደረቱ ላይ ተቀመጠ።

ጎሊቻ መልሱን ሳይጠብቅ ትከሻውን ነካ አድርጎት ወጣ።

ቅዳሜ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጎሊቻ መኪና ከነጌሌ ወደ ሞያሌ ተነሣ፤ ጋቢናው ውስጥ ጎሊቻ ብቻውን ነበር፤ ባስልዮስ በአልጋ ክፍሉ መስኮት ሆኖ ሲያልፍ አየው።